የላንድሮቨሯ ቀይ ጉንጭ

የመካነ ኢየሱስ ሰው ታምራትን ምን እንደገደለው የወሰነው ሬሳው ገና ሳይገነዝ ነው። የሞተር ጭስ ገደለው፤ በሩን የዘጋችበት ልጁ ናት፤ ጥፋቱ ግን የራሱ የሟቹ ነው፤ አለቀ። ሟች ደግሞ ለዚህ ይመቻል። የፈለጉትን ቢጭኑበት አይመልስም።

ኢንስፔክተር ሐረገ ወይን እሑድ ጧት ጃንጥላዋን ይዛ ከግቢው በር እስከ ለቅሶው ድንኳን እስክትደርስ ድረስ ይህንኑ ፍርድ አምስት ጊዜ ሰማችው። አምስተኛውን የነገራት የራሷ ኮንስታብል ፈንታሁን ነበር።

«ግልጽ ጉዳይ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር። ቅዳሜ ከሰዓት በር አዘግቶ ሞተር አስነሳ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲከፈት ጎማው ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ሐኪሙም ጭስ ነው ብሏል።»

«ግልጽ ከሆነ እኔን ምን አስጠራችሁኝ?»

«ልጅቱ ናታ! አባቴ ዝንጉ አልነበረም ብላ የጋጣውን በር ይዛ ቆማለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለን ልንከስሳት የምንችለው እሷኑ፣ የምትቆጣውም እሷው።»

ሐረገ ወይን ኀምሳ ዓመት የሞላት፣ አጭርና ደልዳላ የጋይንት ሴት ናት። ጠርጣራነቷን የወረሰችው ከእናቷ እንጂ ከፖሊስነት አይደለም። እናቷ የሰው ቤት በጭቃ እየመረጉ ያሳደጓት ሴት ነበሩ፤ «ግድግዳ አይዋሽም፣ የሚዋሸው ባለቤቱ ነው» ይሏት ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ፖሊስ ሆና ከዚህ የተሻለ ምክር አላገኘችም።

ሟቹ ታምራት በያጅ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአባቱ የቀረችውን አሮጌ ላንድሮቨር በጓሮው የቀድሞ የላም ጋጣ ውስጥ ሲያድስ ኖሯል። ሞተሯን ከተገለበጠ ፒክአፕ ነቅሎ ገጠመላት። ማርሿ የሌላ፣ ፍሬኗ የሌላ፣ የኋላ መቀመጫዋ የትምህርት ቤት አግዳሚ ነው። ከተማው «የታምራት ሁለተኛ ሚስት» ይላታል፤ «ሰውየው መኪና አይጠግንም፣ ብረት ለብረት ያጋባል» እያለም ይስቅበት ነበር። ታምራት አብሮ ይስቅና ተመልሶ ይገባል።

ልጁ ትዝታ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የአባቷን የሥራ ቱታ ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ በእጇ ብሎን መፍቻ ቁልፍ ይዛ የጋጣው በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል፤ አንገቷ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«ሊያስሩኝ ከመጡ ይሰሩኝ» አለች ገና ሳትጠየቅ። «መኪናዋን ግን ማንም አይነካትም።»

«ማን ሊነካት መጣ?»

«አያ ክንዱ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም። አባቴ አፈር ሳይቀምስ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ደውለዋል። ሰው የበላች ብረት ግቢ ውስጥ አታድርም ይላሉ። ነገ ከሰዓት ሊጭኗት ነው።»

«በሩን የዘጋሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ! ከዐሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የምዘጋው እኔ ነኝ። ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም፣ ነፋስ ይከፍተዋል። ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ ብሎ አባዬ ዙሪያውን በጎማ ለብጦታል። እኔ እቀረቅራለሁ፣ እሱ ሞተሩን አስነስቶ ያስተካክላል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እከፍታለሁ። በዐሥራ አንድ ዓመት ጭሱ ዓይኑን እንኳ አቃጥሎት አያውቅም። ለምን መሰለዎት? በጣሪያውና በኋላው ግድግዳ መካከል ሁለት ስንዝር ክፍተት ትቶለታል። በያጅ ነው እኮ! ጭስ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ ድንኳን ሙሉ ሰው ይበልጥ ያውቃል።»

«እንግዲያው አስገቢኝና አሳዪኝ» አለች ሐረገ ወይን።

ትዝታ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ከበሩ ዞር አለች።

መኪናዋ ሸራ ለብሳለች። ትዝታ ስትገልጣት ግራጫዋ ላንድሮቨር ብቅ አለች፤ ያን ዝናባማ ቀን ሁሉ የሚያበራ ጥራት ነበራት። አንድ ነገር ብቻ አስቀያሚ ነው። ከግራው የፊት መብራት አጠገብ ፓራፋንጎው ወደ ውስጥ ተጨፍልቋል፤ ጭፍልቁ ላይ ደግሞ ቀይ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ተቀብቶበታል።

«ይኼስ?»

«በስቱኮ ተሞልቶ ተደፍኖ ነበር። ፍልሰታ ሊገባ ዋዜማ፣ ረቡዕ ዕለት አሮጌውን ቀለም ስንፍቅ ሥሩ እንዲህ ሆኖ አገኘነው። አባዬ ውሃ ቅጂ ብሎ ላከኝ። ስመለስ የግራውን መብራት ፈትቶ መልሶ እየገጠመው ነበር። ፊቱ ልክ አልነበረም። ቀጥቅጬ ላቃናው ስለው፣ አይሆንም፣ ይቆይ አለኝ። ያኔውኑ ቀዩን ቀብቶ ሸራ አለበሳት። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተገለጠችም።»

«አባትሽ የተጨፈለቀ ብረት ሳያቃና ቀለም ይቀባል?»

«በዕድሜው አድርጎት አያውቅም» አለች ትዝታ።

ሐረገ ወይን ክፍተቱ የታለ ብላ ሽቅብ አየች። በኋላው ግድግዳ አናት ላይ የተቀደደ የማዳበሪያ ከረጢት እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ክረምት ክረምት ወጨፎ እንዳይገባ የሚንጠለጠል ነው፤ አየር ግን ያሳልፋል። ኢንስፔክተሯ በቆርቆሮ እፍኝ እርጥብ ሣር አጫጭሳ ከሥሩ አስቀመጠች። ፈንታሁንም ገብቶ ሦስቱም ጭሱን በዓይናቸው ተከተሉት። ጭሱ ወደ ከረጢቱ ወጣ፣ እዚያ ጥቂት ተንከባለለ፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ፊታቸው ወረደ።

ሐረገ ወይን አግዳሚ ላይ ወጥታ ከረጢቱን ገለጠችው። ሰማይ መታየት የነበረበት ቦታ ጨለማ ነው። እጇን ስትሰድ ቀዝቃዛ ጭቃ ነካች።

«ክፍተቱ የታለ?» አለ ፈንታሁን።

ትዝታ ሽቅብ አንጋጠጠች። ቁልፉ ከእጇ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ተንቃጨለ።

በጋጣው ኋላ በኩል ሰው በጎኑ የሚያልፍባት ጠባብ መተላለፊያ አለች። ሐረገ ወይን ጃንጥላዋን አጥፋ ገባችበት። ግድግዳው አሮጌ ነው፤ ፀሐይ አንጥቶታል፣ ሰነጣጥቆታል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለው ሁለት ስንዝር ብቻ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ከዚያ ቆንጥራ አሸተተችው፣ በጣቷ አሸችው፣ በመሐረቧም ቋጠረችው።

«ግድግዳ ነው እኮ» አለ ፈንታሁን።

«ግድግዳ መሆኑንማ አየሁ። አንተ በነሐሴ ዝናብ ቤት የሚመርግ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ፈንታሁን ጣቱን ወደ ጭቃው ሰደደ።

በስተቀኝ ያሉት ጎረቤት መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ዜማ ያስተምራሉ፤ በታምራት ሞተር ድምፅ መማረራቸውንም ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሊሸሽጉት አልሞከሩም።

«ተጣልቼዋለሁ! ተማሪዎቼ ድጓ ሲቀጽሉ ያ ነገር እንደ ጅብ ያጓራል። ቀዳዳውን ድፈነው፣ ካልደፈንከው እኔ እደፍነዋለሁ ብዬዋለሁ። በምስክር ፊት ነው ያልኩት፤ ከፈለግሽ ምስክሮቹን ልጥራልሽ።»

«ታዲያ ደፈኑት?»

«በፍልሰታ? ሌሊቱን ሰዓታት ላይ ነኝ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ቅዳሴ ላይ ነኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ታምራትም፣ ልጁም፣ መንደሩ ሁሉ እዚያው ነው። በቅዳሴ ሰዓት እዚህ ሰፈር ግመል ቢገባ የሚያየው ሰው የለም።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ልጄ፣ በሩን በጎማ የለበጠው እኮ ለእኔ ሲል ነው። ይኼ ሲከነክነኝ ነው ያደረው።»

ከጋጣው ኋላ የሚኖሩት ወይዘሮ ተዋበች ናቸው። ባላቸው ምንይችል ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በወገዳ መንገድ ገደል ሥር ሞቶ የተገኘ ሰው ነው። እንግዳዋን አስቀምጠው፣ ጠላ እንኳ ባለመኖሩ ይቅርታ ጠይቀው፣ ነገሩን ሳይጠየቁ ጀመሩት።

«ታምራት ጾሙ የገባ ዕለት መጣ። ከደጅ ቆሞ፣ የጋሽ ምንይችል ዱላ ምን ዓይነት ነበር አለኝ። የወይራ ነው አልኩት፤ አንገቱን በመዳብ ሽቦ ራሱ የጠመጠመው። ሬሳው ሲገኝ ግማሹ ብቻ ነበር፣ የአንገቱ ወገን ጠፍቷል። ይህን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ጾሙ ሲፈታ መጥቼ ሁሉን እነግርዎታለሁ፣ ብቻዬን ግን አልመጣም አለኝ።»

«ከማን ጋር እንደሚመጡ አልነገሩዎትም?»

«አልነገረኝም።» አሮጊቷ ነጠላቸውን አጠበቁ። «ሰክሮ ገደል ገባ አሉት፣ ባሌን። ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም! ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልሰከረም እያልኩ ብቻዬን ተሟገትኩ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ብለው ሳቁብኝ። ያቺ ልጅ ትናንት በሩን ይዛ ስትቆም ራሴን አየሁ። እባክሽ አትሰሪያት።»

አቶ ክንዱ በድንኳኑ ራስጌ ተቀምጠው ለቅሶኛ ያስተናግዳሉ። ከከተማው በላይ ካለው ደጋ በእግር አንድ ሰዓት ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የታወቁ ሽማግሌም ናቸው። በእስቴም በስማዳም ደም የተቃቡ ወገኖች ሲታረቁ መሐል የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ኢንስፔክተሯ ስትቀርብ ከመቀመጫቸው ተነሡላት።

«ልጅቱን አትንኩብኝ» አሉ ቀድመው። «ልጅ ናት፣ ያጠፋችው ሳታውቅ ነው። አደጋ ነው ብላችሁ መዝገቡን ዝጉት። ብረቷን እኔ አስወጣላችኋለሁ።»

«ወንድምዎን መጨረሻ ያዩዋቸው መቼ ነው?»

«ለፋሲካ። ከዚያ ወዲህ ይህን ግቢ አልረገጥኩትም። ክረምት ነው፣ እርሻ ነው፣ ጾም ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ነፍሱን ይማረውና ጅል ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜው አንድ ጉንጯን ቀይ የተቀባች አሮጊት መኪና ሲያሽሞነሙን ይሙት? ሦስት ጊዜ ገዢ አምጥቼለት እምቢ አለኝ።»

«መኪናዋ በደኅናው ጊዜ የማን ነበረች?»

«የአባታችን። እሱ ሲታመም እኔ እነዳት ነበር። ሞተሯ ነደደብኝና አቆምኳት። ያኔ ይቺ ትዝታ አራት ዓመቷ ቢሆን ነው።»

ሐረገ ወይን አመሰገነቻቸው፤ ደብተሯ ላይ ግን ሦስት መስመር ጻፈች። ሰኞ ገና በጧቱ ከፈንታሁን ጋር ወደ ደጋው ወጥታ ጫማዋን በጭቃ ለውሳ ተመለሰች። ማንን አግኝታ ምን እንደሰማች ግን አልተናገረችም።

የሰልስቱ ጸሎት እንዳበቃ የብረት ገዢው አይሱዙ ግቢው በር ላይ ቆመ። ትዝታ የጋጣውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ የላንድሮቨሯ ኮፈን ላይ ቁጭ አለች። «ጫኑኝ» አለች፤ «እኔን ከነሷ ጫኑኝ!» አቶ ክንዱ በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ለቅሶኛው ያጉረመርማል። ሐረገ ወይን መሪጌታንና ወይዘሮ ተዋበችን ከድንኳኑ ጠርታ ከጋጣው ፊት አቆመች። ሌላውም ሰው ሳይጠራ ተከተላቸው።

«ከመጫኑ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለች። «ታምራትን ጭስ ገድሎታል፤ እውነት ነው። ጭሱን ያገተው ግን ሰው ነው። በዚህ ግድግዳ አናት ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት የኖረ ክፍተት በጭቃ ተመርጓል። ከውስጥ እንዳይታይ ከረጢት ይጋርደዋል፤ ከውጭ ሰው የማያዘወትርበት መተላለፊያ ነው። ይህን ያደረገው ሰው ታምራት ቅዳሜ ቅዳሜ በር አዘግቶ ሞተር እንደሚያስነሳ ያውቃል።»

ሕዝቡ ወደ መሪጌታ ዞረ። ሽማግሌው አገጫቸውን ቀና አድርገው ዓይን ለዓይን ተመለከቱት።

«እኔም መጀመሪያ መሪጌታን አሰብኩ» አለች ሐረገ ወይን። «ያሸተትኩት ጭቃ ግን የእሳቸው አልሆነም። የቦካ ነው። የመራጊ ልጅ ነኝ፣ የቦካ ጭቃ ሽታ አይጠፋኝም። ሰባት ቀን ተረግጦ፣ ተገላብጦ፣ ተሸፍኖ ያደረ ነው። በነሐሴ ጭቃ የሚያቦካ ሰው የለም፤ ዝናብ ያጥበዋል። እዚህ መንደር ያለውን ግቢ ሁሉ አይቻለሁ፣ የጭቃ ጉድጓድ የትም የለም። ደግሞ ጭዱ የገብስ ነው፤ ጢሙ ሳይቀር ይታያል። እዚህ ከተማ የሚመረገው በጤፍ ጭድ ነው። በገብስ የሚያቦካ፣ ጤፍ የማይበቅልበት ደገኛ ነው።»

«ደገኛ ብዙ ነው» አሉ አቶ ክንዱ ረጋ ብለው።

«ብዙ ነው፣ አባቴ። ግን ትናንት እርስዎ ከፋሲካ ወዲህ እዚህ ግቢ አልረገጥኩም አሉኝ። በዚያው አፍዎ መኪናዋን አንድ ጉንጯን ቀይ የተቀባች አሏት። ቀዩ የተቀባው በፍልሰታ ዋዜማ ነው፤ ያኔውኑ ሸራ ለብሳለች። ሸራውን ገልጦ ያላየ ሰው አያውቀውም።»

«ሰው ነግሮኝ ይሆናላ።»

«ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ዛሬ ጧት ባለቤትዎን ልጠይቅ የወጣሁት። ወይዘሮ አሰለፈች ጉልበታቸውን ታመው ለለቅሶው ስላልወረዱ እዚያው ላጽናናቸው ሄድኩ። በግቢዎ የጭቃ ጉድጓድ አየሁ፤ የተመረገ ቤት ግን የለም። ጭቃው ለምን ቦካ ብላቸው ምን አሉኝ መሰለዎት? ፈንታሁን፣ አንብበው።»

ፈንታሁን ደብተሩን ገለጠ። «‹የወንድሜ ጋጣ ፈርሷል ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲያቦካ ከረመ። ዓርብ ዕለት ሁለት ከረጢት በአህያ ጭኖ ወረደ። እግዜር ይስጠው፣ ለወንድሙ አዛኝ ነው።› ፈርመውበታል።»

ሕዝቡ ወደ አቶ ክንዱ ዞረ። የአይሱዙው ሾፌር እንኳ ሞተሩን አጠፋ።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ሐረገ ወይን። «ጥሬ ጭቃ ለጥፈው ቢሆን ኖሮ ለቅዳሜ ይበቃዎት ነበር፤ ሰኞ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል፣ እኔም አፈር ነው ብዬ እረግጠው ነበር። ግን እዚህ አገር ያደገ እጅ ጥሬ ጭቃ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይሆንለትም። አቦክተው፣ መርገው፣ በእጅዎ ጀርባ አለስልሰውታል። ወንድምዎን ሲገድሉ እንኳ ሥራዎ ንጹሕ ነው።»

«ለምን ብዬ?» ጮኹ አቶ ክንዱ። «ለአንድ አሮጌ ብረት ብዬ ወንድሜን እገድላለሁ?»

«ብረቷ ለተሸከመችው ነገር ነው እንጂ። የተጨፈለቀ ሁሉ የሚያቃናው ታምራት ይህን ጭፍልቅ አላቃናም። ቀይ ቀባው፤ ባዶ ብረት በነሐሴ አንድ ሌሊት ካደረ ዝገት ይበላዋላ። እንዳይበላሽ ጠበቀው፣ እንዳይጠፋም አልነካውም። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ማስረጃ ሲሆን ነው። ትዝታ፣ ያን ዕለት አባትሽ የፈታውን መብራት ፍቺው።»

ትዝታ ከኮፈኑ ወርዳ ካቻቢቴ አነሣች። ብሎኖቹ አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ወደቁ። መብራቱን ሳብ አድርጋ ክንዷን እስከ ክርኗ ሰደደችና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ጨርቁ ሲፈታ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ የወይራ ዱላ ቁራጭ ሆነ።

ወይዘሮ ተዋበች አልጮሁም። ዞር ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ሲመለሱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከራስጌያቸው ያልተለየውን ሌላውን ግማሽ ይዘው ነበር። ሁለቱን ስብራት ገጠሟቸው። ፍንጣሪ ለፍንጣሪ ገብቶ አንድ ዱላ ሆነ።

«ታምራት ጭፍልቁን ስቱኮው ሥር፣ ዱላውን ከመብራቱ ኋላ አገኘው» አለች ሐረገ ወይን። «ለወንድሙ ነገረው፣ ጾሙ እስኪፈታም ጊዜ ሰጠው። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ቀን ሁለቱ አብረው ወይዘሮ ተዋበች ደጅ ሊቆሙ ነበር። ትዝታ አራት ዓመቷ ሳለ ማለት ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ያኔ ምንይችል ተገጭቶ ገደል ሲገባ የዚህችን መኪና መሪ ይዞ የነበረው አንድ ሰው ነው።»

ክንዱ ተንበረከከ። ተንበርክኮም የተናገረው ስለ ራሱ ብቻ ነበር።

«ዝናብ ነበር… ከመንገዱ ዳር ነው የቆመው፣ አላየሁትም። ልናገር ነበር። ነገ ዛሬ ስል ሽማግሌ አደረጉኝ። ሰው ሁሉ ደሙን ወደ እኔ እያመጣ… እንዴት ብዬ ልናገር?»

«አንተ!» አሉ ወይዘሮ ተዋበች። እስከዚያ ቀን አንቱ ሲሉት ነበር። «የስንቱን ደም ስታደርቅ የእኔን ከደጅህ ጥለህ! ሬሳው ሲነሣ፣ ጠጅ ጠጅ ይሸታል ብለህ የመሰከርከው አንተ አይደለህም? ባሌን ሰካራም፣ ወንድምህን ጅል፣ ይህችን ልጅ አባቷን ገዳይ አደረግህ። አንተ ብቻ ንጹሕ!»

ፈንታሁን ካቴና አገባለትና በለቅሶኛው መካከል ይዞት ወጣ። ድንኳኑ ውስጥ ከቀሩት አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሣለትም።

የአይሱዙው ሾፌር አንገቱን አወጣ። «እንግዲህ… ብረቱስ?»

«ምን ብረት?» አለች ትዝታ። «ዙርና ሂድ!»

ያን ተናግራ ግን ቁጣዋ በረደ፤ ወይዘሮ ተዋበች ወደ መኪናዋ ሲራመዱ አየቻቸውና። ዐሥራ አንድ ዓመት የደከመችበት ነገር የአሮጊቷን ባል የገደለ ነበር። አሮጊቷ መዳፋቸውን ቀዩ ጭፍልቅ ላይ አሳረፉ። ጭፍልቁን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ፣ ይህን ልታቃኚው ነው?»

«እርስዎ የሚሉት ይሆናል፣ እማማ» አለች ትዝታ፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «አጥፊያት ካሉኝም…»

«ምን አድርጋ? ብረት ምን አጠፋ? የነዳት ነው እንጂ። እውነቱን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በጉንጯ ይዛልኝ የኖረች እሷ ናት።» መዳፋቸውን አላነሡም። «ሌላውን ሁሉ አሳምሪው። ይህን ግን እንዳታቃኚው። ሰክሮ ነው ያለ ሁሉ እየመጣ ይየው።»

ሐረገ ወይን ወደ መኪናዋ ቀረበች። «መኪናዋ ማስረጃ ናት፤ ጣቢያ መድረስ አለባት። መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው አለ?»

«ደብረ ታቦር ሄጄ ያወጣሁት አምና ነው» አለች ትዝታ፣ በቱታዋ እጅጌ ዓይኗን እየጠረገች።

ወይዘሮ ተዋበች ከፊት ተቀመጡ። ኢንስፔክተሯ ዱላውን ታቅፋ ከኋላ የትምህርት ቤቱ አግዳሚ ላይ ወጣች። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ቀጥሎ ግቢውን ሁሉ አናወጠው።

«በሰልስት ቀን ይህን ያህል ጩኸት!» አለች አንዲት ለቅሶኛ።

«ይጩኽ!» አሉ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ፤ የግቢውን በር በሁለት እጃቸው የከፈቱትም እሳቸው ነበሩ።

አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ትዝታ መሪዋን ወደ ግራ ጠመዘዘች።

«ጣቢያው በቀኝ ነው» አለች ሐረገ ወይን።

«አውቃለሁ። በገበያው በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። ሰው ሁሉ እዚያ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ጥቂት አሰበችበት። «ነዳጅ አላት?»

«ሙሉ ናት። አባዬ ዓርብ ሞልቷት ነበር።»

«እንግዲያው ንጂ» አለች ሐረገ ወይን። ትዝታም ማርሽ ቀይራ ነዳች።